ሥራው ተከፈተ፤ ለምን አላደገም?



በየወጣት ኅብረታችን የምናውቀው ነገር ነው። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው «ሥራ ልጀምር ነውና በጸሎት አስቡኝ» ይላሉ። እንጸልያለን። ሱቁ ሲከፈት ዳቦ ቆርሰን፣ ለስላሳ ከፍተን አብረን እናመሰግናለን። ከዚያ በኋላ ግን ጠያቂ የለም። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ ሱቁ ወይ ተዘግቷል፣ ወይም በተከፈተበት ቀን ከነበረበት ፈቀቅ ሳይል እዚያው ቆሟል። ሲከፈት በጭብጨባ የተቀበልነውን ሲዘጋ በዝምታ እናሳልፈዋለን።

ዛሬ ስለዚያ ዝምታ ልጽፍላችሁ ነው። እኔ በአጥቢያችን የወጣቶች አስተማሪ ነኝ። ኮሌጅ የተማርኩት ደግሞ ሥራ አመራር ስለሆነ፣ ከትምህርቱ በኋላ የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው የሚጠብቁኝ ወጣቶች አይጠፉም። የልብስ ስፌት፣ የእንጨት ሥራ፣ የኅትመት፣ የስልክ መለዋወጫ፣ የዳቦ ቤት ደብተር አብረን አገላብጠናል። አንዳንዶቹ ደብተርም የላቸው፤ በቃል ነው የሚነግሩኝ። ሁሉም ማለት ይቻላል ሲመጡ የሚሉት አንድ ነው፦ «ትንሽ ብር ብናገኝ እናድግ ነበር።»

አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የብር ማነስ ሆኖ አላገኘሁትም። የሚያፈስ እንስራ ውስጥ ውኃ ቢጨምሩበት ያው ይፈስሳል። ልጆቹ ሰነፎችም አይደሉም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የሚደክሙ ናቸው። ያስቀራቸው አመራሩ ነው። ቃሉ ትልቅ መስሎ አያስደንግጣችሁ። አንድ ረዳት ያለው ሰው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ብቻውን የሚሠራም ቢሆን ጊዜውንና ብሩን ስለሚመራ ሥራ አስኪያጅ ነው። በየደብተሩ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስድስት ስሕተቶች ልንገራችሁ።

የቤት ኪስና የሱቅ መሳቢያ አንድ ሲሆኑ

አንዲት እህት ልብስ ስፌት ቤት አላት። እጇ የተባረከ ነው፤ ሙሽሮች ተራ ይዘው ይጠብቋታል። «ሥራ ሞልቷል፤ ብር ግን የለም» ብላ መጣች። ተቀምጠን ቆጠርን። ለመቁጠር እንዲመች ቁጥሩን ላቅልለው። አንዱን ቀሚስ በ3,500 ብር ትሸጣለች። ጨርቁ 1,600፣ ገበር፣ ክርና ዚፕ 300፣ ለረዳቷ በቁጥር የምትከፍለው 500 ነው። ከአንድ ቀሚስ 1,100 ብር ይተርፋታል ማለት ነው። በወር 20 ቀሚስ ብትሠራ 22,000 ይሆናል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ 12,000፣ መብራትና ትራንስፖርት 1,000 ሲነሣ 9,000 ብር ይቀራል።

ቀጥዬ «ለራስሽ በወር ስንት ትወስጃለሽ?» አልኳት። አታውቀውም። ታክሲ ስትሳፈር ከመሳቢያው፣ አስቤዛ ስትገዛ ከመሳቢያው፣ የእናቷ መድኃኒት ሲያልቅ ከመሳቢያው ታወጣለች። ለአንድ ወር በማስታወሻ እንድትይዝ ተስማማን። በወሩ መጨረሻ ድምሩ ወደ 14,000 ብር ሆነ። ከትርፏ በላይ በየወሩ 5,000 ብር ትወስዳለች ማለት ነው። ያ 5,000 ብር ከየት መጣ? ከጨርቅ መግዣው ነው። በየወሩ የሦስት ቀሚስ ጨርቅ ሳታውቀው ትበላለች። በ40,000 ብር ጨርቅ የጀመረ ሰው በዚህ አካሄድ በ8 ወር መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን በሩ ላይ እንደተሰለፈ ነው።

እዚህ ላይ በደንብ ተረዱኝ። እናትን ማሳከም ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ብሩ ከየትኛው ኪስ እንደወጣ አለማወቁ ነው። ይህች እህት ለራሷ 7,000 ብር ደመወዝ ቆረጠች። ቀላል አልነበረም፤ ያለቀሰችበት ቀን ነበር። የመድኃኒቱ ወጪ ከደመወዟ በላይ ሲሆንባት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሞቿ ነገረቻቸው። እነርሱም ተካፈሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ መሳቢያው ሸፍኖት ስለነበር የእናታቸው ሕክምና ምን ያህል እንደሚፈጅ አያውቁም ነበር። ብሩን ለየብቻ ማድረጓ ሱቋን ብቻ ሳይሆን እናቷንም ጠቀመ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው። ለሱቁ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ። ለቤተ ዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ለስጦታ የምታወጡት ከደመወዛችሁ ይሁን።

ዋጋን ከጎረቤት መቅዳት

«ዋጋውን እንዴት አወጣችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ጎረቤት በ500 ይሸጣል፣ እኛ በ450 አደረግነው» የሚል ነው። ጎረቤት ግን የሚሠራው በራሱ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ኪራይ አይከፍልም። ወይም ዕቃውን በጅምላ ነው የሚያመጣው። ወይም ራሱም እየከሰረ ነው፤ እናንተም ኪሳራውን ቀድታችኋል።

በ18ኛው መቶ ዘመን ጆሳያ ዌጅውድ የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ነበር። ዕቃዎቹ ከተራው ቤት አልፈው ንግሥቲቱ ቤት የደረሱ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1772 የብድር ቀውስ ሲነሣ ግን እርሱም ገንዘብ አጠረው። ዕቃው እየተሸጠ ብሩ የት ገባ? ዌጅውድ ቁጭ ብሎ የእያንዳንዱን ዕቃ ወጪ ከጭቃው እስከ ማጓጓዣው ድረስ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ነገር ተገለጠለት። አንደኛ፣ አንዳንዱ ወጪ ብዙ ቢሠራም ጥቂት ቢሠራም አይቀንስም፤ ሻጋታ ማዘጋጀትና ኪራይ የመሳሰሉት እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ለጥቂት ዕቃ ብሎ አዲስ ሻጋታ ከማውጣት ይልቅ ከአንዱ ሻጋታ ብዙ መሥራት ወጪውን ያቃልላል። ሁለተኛ፣ በዚያው ፍተሻ ዋናው የሒሳብ ሠራተኛው ሲያጭበረብረው እንደኖረ ታወቀ። ያን ያህል ስመ ጥር የሆነ ሰው እስኪቆጥር ድረስ አላወቀም ነበር።

በእኛም አገር ይህን ትምህርት በቅርቡ በግድ ተምረናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የስልክ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ወጣት በዚያን ሰሞን «ገበያ ደርቷል» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። መደርደሪያው በሁለት ሳምንት ተራገፈ። ሊሞላው ወደ መርካቶ ሲወርድ ግን በእጁ ያለው ብር የቀድሞውን ዕቃ ግማሽ ያህል ብቻ ይገዛል። በሸጠው ሁሉ አተረፍኩ ሲል በእውነቱ ሱቁን ግማሹን ሸጦታል። ዋጋ የሚወጣው ዕቃው በተገዛበት ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ በሚገዛበት ሒሳብም ጭምር ነው።

በዚህ ርዕስ ሥር ለእኛ ለምእመናንም አንድ ቃል አለኝ። ወንድማችን ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ የምንጠይቀው ቅናሽ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዱቤ። «ወንድሜ አይደል» እንላለን። ወንድማችን ከሆነማ ሙሉ ዋጋ ልንከፍለው አይገባንም? ባለ ሱቆችም ዱቤ ካልቀረላችሁ ወሰን አብጁለት። ለአንድ ሰው እስከ ስንት፣ እስከ መቼ እንደሆነ በደብተር ይስፈር። ያልተጻፈ ዱቤ ብርንም ሰላምታንም ይዞ ይጠፋል። ባለ ዕዳው በሌላ መንገድ መሄድ ሲጀምር አይታችሁ የለ?

ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ትከሻ

የእንጨት ሥራ ያለው አንድ ወንድም አውቃለሁ። ጎበዝ አናጢ ነው። አራት ሠራተኛ ቀጥሯል። ልኬት የሚወስደው እርሱ ነው፤ ጣውላ የሚመርጠው እርሱ ነው፤ ስልክ የሚያነሣው፣ ብር የሚቀበለው፣ ቫርኒሹን የሚያየው እርሱ ነው። ዕቃ ሊገዛ የወጣ ቀን አራቱ ሠራተኞች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁታል። «ለምን አትቀጥሉም?» ሲባሉ «እርሱ ሳያይ ብንቆርጥ ይቆጣል» ይላሉ። ሲታመም ሱቁም አብሮ ይታመማል። ሥራው ከእርሱ ሁለት እጅ በላይ ሊያድግ አልቻለም።

በዘጸአት ምዕራፍ 18 ያለውን የሙሴንና የአማቱን የዮቶርን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የምናነሣው ሙሴ መድከሙን ነው። ዮቶር ግን የሕዝቡንም ድካም አይቷል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ነውና። ሁሉን በራሱ የሚይዝ መሪ ራሱን ብቻ የሚጎዳ ይመስለዋል። ደንበኛውም፣ ሠራተኛውም ይጎዳሉ። ደግሞ ዮቶር «ተወው» አላለም። ችሎታ ያላቸውና የታመኑ ሰዎች እንዲመረጡ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሆኑ፣ ከባዱ ጉዳይ ብቻ ወደ ሙሴ እንዲመጣ ነው የመከረው። ሥራን ማካፈል ማለት ወሰኑን ለይቶ መስጠት ማለት ነው።

ይህንኑ ለአናጢው ወንድማችን ወደ ሱቁ ቋንቋ መለስንለት። ከሠራተኞቹ አንዱ ልኬት ይወስዳል፤ በወረቀት አስፍሮ ይፈርማል። ሌላው እስከ 2,000 ብር ያለውን የዕቃ ግዢ ሳይደውል ይገዛል፤ ደረሰኝ ያቀርባል። ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ይደወላል። በመጀመሪያው ወር አንድ የቁም ሣጥን በር በስሕተት አጥሮ ተቆረጠ። ወንድማችን ወደ ቀድሞው ሊመለስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የአንድ በር ጣውላ ዋጋና አራት ሰው ግማሽ ቀን ቆሞ የሚውልበትን ዋጋ ሲያስተያይ ግን ጸና።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ሥልጣን ከሰጣችሁ በኋላ በሰጣችሁት ሰው ላይ ተሻግራችሁ አትዘዙ። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አመራር ካስቀመጣቸው 14 መርሆች አንዱ፣ አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ይሁን የሚል ነው። በእኛ ሱቆች ግን ባልየው «ይህን አድርስ» ይላል፤ ሚስት «ቆይ፣ ያንን ጨርስ» ትላለች፤ የባል ወንድም ደግሞ «ና መኪና እጠብልኝ» ይላል። ልጁ ሦስቱንም ሲያስደስት ውሎ አንዱንም ሳይሠራ ይመሻል፤ ማታ ሦስቱም ይቆጡታል።

«እኛኮ እንተማመናለን»

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

ሁለት ወጣቶች ነበሩ። በአንድ ኳየር የሚዘምሩ፣ በአንድ ሳህን የሚበሉ ጓደኛሞች። የኅትመት ሥራ አብረው ከፈቱ። አንደኛው ማሽን መግዣ 180,000 ብር አወጣ። ሁለተኛው ብር የለውም፤ ሙያው ግን አለው፤ በየቀኑ ገብቶ ይሠራል። ውል እንዲጽፉ ሰው ቢመክራቸው «እኛኮ እንተማመናለን፤ ወረቀት በማያምኑ ሰዎች መካከል ነው» አሉ። የመጀመሪያው ዓመት በፍቅር አለፈ፤ የሚካፈሉት ትርፍ አልነበረምና። በሁለተኛው ዓመት የባነርና የጥሪ ካርድ ሥራ ጎረፈ፤ ትርፍ መጣ። ያኔ አንዱ «ብሩ የእኔ ነው» አለ፤ ሌላው «ላቡ የእኔ ነው» አለ።

የሚያሳዝነው፣ ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም። ሲጀምሩ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የተነጋገሩትን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ አስታውሰውታል። አንዱ «ማሽኑ ያወጣሁትን እስኪመልስ ትርፍ አንካፈልም ተባብለናል» ይላል። ሌላው «ከመጀመሪያው ቀን እኩል ነን ተባብለናል» ይላል። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ጥበብ አላነሳቸውም፤ ወረቀት ነው ያነሳቸው። በመጨረሻ ማሽኑ በኪሳራ ተሸጠ። ሁለቱ ዛሬ ሰላም አይባባሉም፤ አንደኛው ወደ ሌላ አጥቢያ ሄዷል። ሱቁ ቢዘጋ ሌላ ሱቅ ይከፈታል። ያ ወዳጅነት ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ውል የሚጻፈው ሰውን ስለምንጠረጥር አይደለም፤ ሰው ስለሚረሳ ነው። ይህን ከእናቶቻችን ብንማር ምን አለ? ዕቁብ የሚጥሉት የሚተማመኑ ሰዎች ናቸው፤ የማይተማመን ሰው መጀመሪያውኑ ዕቁብ አይገባም። ያም ሆኖ ዕቁብ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። ዕድርም እንደዚሁ የታመኑ ጎረቤቶች ማኅበር ነው፤ ሆኖም መተዳደሪያ ደንብ፣ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ አለው። አያቶቻችን ብዙዎቹ ፊደል ሳይቆጥሩ ያወቁትን እኛ ዲግሪ ይዘን «እንተማመናለን» ብለን እንተወዋለን። የዕቁቡ ደብተር መተማመኑን ጠብቆ ያቆያል እንጂ አያፈርሰውም።

አብራችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ትርፍ ሳይመጣ፣ ፍቅር እያለ እነዚህን ጻፉ። ማን ምን አመጣ? ብር፣ ማሽን፣ ቦታ፣ ሙያ፣ ጉልበት እያንዳንዱ በስንት ይታሰባል? በየቀኑ የሚሠራው ደመወዝ አለው ወይ? ደመወዝና የትርፍ ድርሻ የተለያዩ ናቸውና። ትርፍ መቼ፣ በምን ያህል ይካፈላል? ምን ያህሉስ በሥራው ውስጥ ይቀራል? ከባንክ ብር ለማውጣት ማን ይፈርማል? አንዱ መውጣት ቢፈልግ፣ ቢያገባ፣ ውጭ አገር ቢሄድ፣ ቢሞት ድርሻው እንዴት ይሆናል? ባትስማሙ መጀመሪያ ማን ያስታርቃችኋል? ይህ ሁሉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ተፈራርማችሁ በውልና ማስረጃ አረጋግጡት።

ደግሞ ሸሪክ ሳያስፈልጋችሁ ሸሪክ አትፈልጉ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ሰዎች ጓደኛን ወይም ዘመድን ለስም ያህል ያስገቡ ነበር። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ጓደኛችሁን ለፎርም ማሟያ ብላችሁ ወደ ኋላ ጸብ አታስገቡት።

ይሉኝታ ያፈነው ወሬ

አንዲት ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጡ በቀን በቀን ይተርፍና ይጣል ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ ያውቃሉ። ባለቤቱ ግን አያውቅም። ለምን አልነገራችሁትም ሲባሉ «ባለፈው የተናገረችው ልጅ ፊት አጥታ ወጣች» አሉ። ክፉ ወሬ ያመጣውን የሚቆጣ አለቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሰማው ደግ ደጉን ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ለታላቅ፣ ለአለቃ፣ ላበላ ሰው «ተሳስተሃል» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አለቃው ራሱ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

በጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ የመኪና መገጣጠሚያ መስመር ላይ ሠራተኞች የሚስቡት ገመድ ነበር። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመዱን ይስብ ነበር። የቡድን መሪው ፈጥኖ ይመጣል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆም ነበር። ገመዱን የሳበ ሰው አይቀጣም ነበር። በሺህ የሚቆጠር መኪና የሚያወጣ ፋብሪካ ከአንድ ሠራተኛ ቃል የተነሣ ይቆም ነበር። የእኛ ዳቦ ቤት ግን የአንዲትን ልጅ ቃል መስማት ከበደው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራተኞቻችሁን ሰብስቡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ሳምንት ምን ተበላሸ? ደንበኛ ምን ብሎ አማረረ? እኔ ባስተካክለው ሥራችሁን የሚያቀልላችሁ ምንድን ነው? ሲመልሱላችሁ አትከራከሩ። ጻፉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጻፋችሁት አንዱን ሠርታችሁ አሳዩአቸው። ያን ጊዜ ይሉኝታው እየቀለለ ይሄዳል።

ሳይቆሙ መሮጥ

የመጨረሻው አጭር ነው። አንዱ ሱቅ ትንሽ ሲቀና ወዲያው ሁለተኛ ቅርንጫፍ እንከፍታለን። ከላይ ያሉት አምስቱ ችግሮች ሳይፈቱ የተከፈተ ቅርንጫፍ ችግሮቹን እጥፍ ያደርጋቸዋል። የአንዱን መሳቢያ ያልለየ ሰው የሁለቱን እንዴት ይለያል?

ብዙ ጊዜ ዕድገቱ እዚያው እግራችን ሥር ነው። በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በየፋብሪካው ይሰጥ የነበረውን ሥልጠና ሰምታችሁ ይሆናል። ከጃፓን የመጣ አሠራር ሲሆን መጀመሪያው አምስቱ «ማ»ዎች ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የማያስፈልገውን አጣርቶ ማውጣት፣ የሚያስፈልገውን በቦታው ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ይህንንም ልማድ ማድረግና ማዝለቅ ማለት ነው። በአናጢው ወንድማችን ሱቅ መዶሻና መሰርሰሪያ ሲፈለግ የሚባክነውን ጊዜ ለአንድ ቀን በሰዓት ያዝነው፤ በአራቱ ሠራተኞች ሲደመር ወደ ሁለት ሰዓት ተጠጋ። ግድግዳው ላይ የየመሣሪያውን ቅርጽ በቀለም ሣለና ሚስማር መታበት። አዲስ ማሽን አልገዛም፤ ሰውም አልጨመረም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ሥራ ግን አገኘ። ለቅርንጫፍ የሚያበቃውን ብር ከማሰባችን በፊት እንዲህ ያለውን ብንለቅም ይሻላል።

ለምን ይህን ሁሉ እነግራችኋለሁ?

ምናልባት «ይህ በወጣት መጽሔት ላይ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ከአንዲት ትንሽ ሱቅ በስተጀርባ ስንት ሰው እንዳለ አስቡ። ረዳቷ አለች፤ ከደመወዟ ለቤተሰቧ የምትልክ። የሱቁ ኪራይ ጡረታ የሆናቸው አባት አሉ። ቀብድ ከፍላ የሠርግ ቀሚሷን የምትጠብቅ ሙሽራ አለች። ሱቁ ባለመመራቱ ሲወድቅ የሚወድቀው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ሲያድግ ደግሞ ሥራ ፈልጎ ከሚዞር ወጣት መካከል አንዱ «ነገ ና» ይባላል። ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ ዋጋን በእውነት ማውጣት፣ ቃልን ጽፎ መጠበቅ፣ የትንሹን ሠራተኛ ቃል መስማት ከሰው ጋር በቅንነት የመኖር ጉዳይ ነው። ይህን ደግሞ በጸሎት ሰዓት ብቻ አንማረውም፤ በሒሳብ ደብተርም ላይ እንማረዋለን።

ስለዚህ ሥራ ያላችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ግዙ፤ ለሰባት ቀን የገባውንና የወጣውን ሁሉ፣ ለራሳችሁ የወሰዳችሁትንም ጭምር፣ ሳትዘሉ ጻፉ። ሥራ የሌላችሁ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሱቁ ሲከፈት ዳቦ የቆረሳችሁለትን ወንድም ሂዱና «እንዴት ሆነልህ?» በሉት። ቅናሽ አትጠይቁት።

በቡድን ለመወያየት

1. «እንተማመናለን» ብለን ሳንጽፍ የተውነው ስምምነት በመካከላችን አለ? ዛሬ ብንጽፈው ምን ያስፈራናል?

2. የአማኝ ወንድማችን ወይም እህታችን ደንበኛ ስንሆን የምንረዳቸው እንዴት ነው? የምንጎዳቸውስ?

3. በኅብረታችን አገልግሎት ውስጥ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የወደቀበት ክፍል አለ? ለማን፣ እስከምን ወሰን ድረስ ሊካፈል ይችላል?